አፉን ላልፈታ ልጅ የተጠራሁ ዕለት

ጉለሌ ባለ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት የንግግርና የአዋዋጥ ባለሙያ ነኝ። አንድ ቀን ነርሷ ጠርታኝ ዋርድ ስገባ፣ ዶክተሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ ቆሟል። «የአምስት ወር ልጅ ምን ልታናግሪው መጣሽ?» አለኝ። ተማሪዎቹ ሳቁለት፤ ማርካቸው በእጁ ነዋ። የልጁ እናት አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከቀጨኔ ነው የመጣችው፤ ልጇ በሳንባ ምች ሲተኛ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ጉልበቷ ላይ አንጋላ ወተቱን በመዳፏ ስትግተው ትን አለው። ለካ ወተቱ ወደ ሳንባው ነበር የሚገባው። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጁ ሲመገብ ቆሞ ያየ ሐኪም የለም። ቀና አድርጌ ያዝኩትና በትንሽ ማንኪያ፣ እስኪውጥ እየጠበቅሁ ሰጠሁት። ትን ሳይለው ጨረሰ። እናትየውም በዚያው ቀጠለች።

ከሳምንት በኋላ ልጁ ድኖ ሊወጣ ነው። ያው ዶክተር ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «መድኃኒቱ እንዴት እንደሠራ አያችሁ?» ይላል፤ እኔ እዚያው ቆሜ። እናትየው ልጇን እያዘለች ቀና አለች።

«መድኃኒቱንማ በፊት ሁለቴም ሰጥተውኝ ነበር፣ ዶክተር። ማንኪያውን ነው ያልነገሩኝ።»