ከዋሻው በታች ያለው ምንጭ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተቀምጠው ነበር።

«የኔ ልጅ፣ በጠርሙስ የያዝሽው ውሃ ለምንድን ነው?»

«ለምርመራ ነው፣ አባባ። የድንጋይ ከሰል ከሚወጣበት ተራራ ሥር ካሉት ምንጮች የቀዳሁት ነው።»

«የኛ ገበሬ ማኅበር ነዋ! የከሰሉ ዋሻ ከተቆፈረ ወዲህ ምንጫችን ቀጠነ። ሽንኩርቱም ደረቀብን።»

«ዋሻው ውስጥ ውሃ አለ ሲባል ሰምተዋል?»

«የበኩር ልጄ እዚያ ነው የሚሠራው። ውሃው ከጣሪያው እየወረደ ስላስቸገረ፣ በሞተር ስስበው እውላለሁ ይለኛል።»

«ወዴት ነው የሚደፉት?»

«ተራራው ማዶ፣ ወደ ገደሉ።»



«አባባ፣ ያ ውሃ የምንጫችሁ ሳይሆን አይቀርም።»

«ምንጬን የሚያደርቅብኝ የገዛ ልጄ ነው በይኛ!»

«እሱ ምን ያድርግ? የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ግን ይህን በሪፖርቴ ከጻፍኩ ቁፋሮው ሊቆም ይችላል።»

«ልጄም ሥራ ይፈታላ።»

«አዎ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አብሽሪ፣ ጻፊው። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ለልጄ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

መውረጃዬ ሲደርስ ንግግራቸውን አቋርጬ «ወራጅ አለ» ማለት ከበደኝና ኮምቦልቻ ድረስ ሄድኩ።