ዲግሪ በግልባጩ ሲታይ

ልብስ ሰፊው ጥቁር ክር አልቆበት ከሱቁ በወጣበት ጠዋት፣ የእህቱን ልጅ ባልላካት በር ስትወጣ አያት። እሱ የላካት ሒሳብ አያያዝ ለመማር እንድትመዘገብ ነበር። እሷ ግን ከመምህራን ኮሌጁ ግቢ፣ ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ትመጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነውና ፈገግታዋን ያውቀዋል፤ እንዲህ ስትስቅ ነገር አለ ማለት ነው።

«አጎቴ! እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለች ደንግጣ።

«እኔማ ክር ልገዛ ነው። መንገድ የጠፋብሽስ አንቺ ነሽ።»

«አልጠፋብኝም። ዛሬ እነግርዎታለሁ ነገ እነግርዎታለሁ እያልኩ አፌን ያዘኝ እንጂ፤ መማር የምፈልገው የልዩ ፍላጎት መምህርነት ነው።»

«ልዩ ፍላጎት ደግሞ ምንድን ነው? ፍላጎትማ የሌለው ማን አለ?»

«ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውን፣ ነገር ቶሎ መረዳት የሚከብዳቸውን ልጆች ማስተማር ነው፤ የአራት ዓመት ዲግሪ ነው።»

ሰፊው መንገዱ መሃል ቀጥ አለ። «ልጄ፣ የሚያየውንና የሚሰማውንስ መቼ አስተምረን ጨረስን? የማይማር ልጅ ለማስተማር አራት ዓመት መማር! ያውም ተከፍሎበት!»

«የማይማር ልጅ የለም አጎቴ። እንዴት እንደምናስተምረው ያላወቅነው ልጅ ነው ያለው።»

«ተይ እባክሽ፣ ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰፊውን ያስቆጣው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ ለሰው ሰፍቶ ያተረፈው «እጅዎ ይባረክ» የሚል ምርቃትና የደከመ ዓይን ነው። ይህች ልጅ ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው የሚነሳላት እንድትሆን ይመኛል። ደግሞም የሰው አፍ አለ። «የምን መምህር ሆነችልህ?» ቢሉት ምን ሊመልስ ነው? ይህን ሁሉ ግን አላወጣውም፤ ጢሙን ይጎትት ነበር።

ልጅቷም ባሕርይውን ታውቃለችና አልተጣላችውም። «ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። እምቢ ካሉኝ እተወዋለሁ። ግን እርስዎ ጨርቅ ሲገዙ ገጹን ብቻ አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ገልብጬ ነዋ!»

«እንግዲያው ይሄንንም ይገልብጡት። ትምህርቱን የሚሰጡ ሦስት ቦታዎች አሉ። አብረን እንያቸውና ይፍረዱ።»

በገዛ ሙያው ጠልፋ ጣለችው። «የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው አንቺን ሳያይ ነው የተናገረው» ብሎ ሳቀና ተስማማ። ክሩንም ሳይገዛ ተመለሰ።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄዱት ስሙ ወደ ገነነው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ሰፊው እንደ ልማዱ መጋረጃውን በሁለት ጣቱ አሻሸና «ጥሩ ስፌት ነው» አለ። ከረባት ያሰረ ወጣት ሠራተኛ በአክብሮት ተቀበላቸው፤ ክፍያው ከመምህራን ኮሌጁ ሦስት እጥፍ መሆኑንም ሳይሸሽግ ነገራቸው።

«ልጄ፣ ተማሪዎቻችሁ የሚለማመዱት ከየትኞቹ ልጆች ጋር ነው?» ሲል ሰፊው ጠየቀ።

«ልምምዱ በመጨረሻው ዓመት አንድ ወር ነው አባቴ። እስከዚያ በቪዲዮ ያያሉ።»

«ታዲያ ሦስት እጥፉ ለምኑ ነው?»

ወጣቱም፣ «ምሁራኑ የታወቁ ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሙሉ ነው። ምርምር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። የቀረው እንግዲህ የስማችን ዋጋ ነው» አለ። ሐቀኛ ልጅ ነበር።

ሲወጡ ሰፊው፣ «ገጹ ሐር ነው። ግን ልጅ በሌለበት ማስተማርን መማር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንም?» አለ። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች።

ሁለተኛው ቦታ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ያለ ማሠልጠኛ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ በአንድ ዓመት የሚያልቅ፣ ዋጋውም እንደ ስጦታ የሚቆጠር። የሰፊው ፊት በራ። «ይሄውልሽ! ምን አለ በአራት ዓመት መድከም?» አላት።

እሷ ግን ወደ መዝጋቢዋ ዞራ፣ «በዚህ የምስክር ወረቀት ብቻ መምህር ሆኜ እቀጠራለሁ?» ስትል ጠየቀች።

«የለም እህቴ፣ አላታልልሽም። ይሄ አስቀድሞ የመምህርነት ዲግሪ ላላቸው ነው። ለእነሱ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል። ላንቺ ግን ብቻውን አይበቃም» አለች ሴትዮዋ።

ሰፊው ደረጃውን እየወረደ ሲያጉተመትም ቆየና፣ «ሸሚዝ ላለው ሰው እጅጌ ማስቀየር ነው፤ ሸሚዝ የሌለው ሰው እጅጌ ገዝቶ ምን ያደርገዋል?» አለ። ርካሽ ያለው ነገር ለማን ርካሽ እንደሆነ መጠየቅ እንዳለበት ገባው። ከዚህ በኋላ ጥያቄው በዛ። መንገድ ላይ «ዓይነ ስውሩ እንዴት ያነባል? መስማት የተሳነውስ ፊደሉን በምን ይለየዋል?» እያለ ልጅቷን መተንፈሻ አሳጣት። ለማሳመን የመጣችው እሷ፣ የማታውቀው እየበዛ ሄዶ «እሱን ገና አልተማርኩትም እኮ አጎቴ» ማለት ጀመረች።

መምህራን ኮሌጁ ያረጀ ቤት ነው፤ መጋረጃውም ሰፊውን አሳፈረው። ነገር ግን ከጎኑ የልጆች ትምህርት ቤት አለው፤ የዲግሪ ተማሪዎቹም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየሳምንቱ እዚያ ያስተምራሉ። የክፍሉ ኃላፊ የሆነች መምህርት የመጡበትንና የሰፊውን ሙያ ጠይቃ ፈቀደችላቸውና ከኋላ ተቀመጡ። አጠገባቸው አንዲት እናት ነበረች። ፊት ለፊት፣ ነገር ለመረዳት የሚዘገይ ልጇ ከአንዲት ተለማማጅ መምህርት ጋር የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ይማራል።

ሰፊው ተመቻችቶ ተቀመጠ። በዳቦ አጋገር ቢመጡበት ዝም ይል ነበር፤ በቁልፍ ግን ማንም አይቀድመው። ተለማማጇ ቁልፎቹን ሁሉ ራሷ ቆለፈች። የመጨረሻውንም እስከ ግማሽ አስገባችና፣ ልጁ ጫፉን ይዞ ብቻ እንዲስበው ተወችለት። ሳበው። «ጨረስክ!» ብላ አጨበጨበችለት።

ሰፊው አላስቻለውም። «እሷው ሠርታለት! አራት ዓመት የሚከፈልበት ይሄ ነው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

መምህርቷ አልተቀየመችም። «አባቴ፣ እርስዎ ልብስ ስፌት ሲያስተምሩ ከየት ይጀምራሉ?»

«ከመጀመሪያው ነዋ! መርፌ ውስጥ ክር ከማስገባት።»

«ስንቶቹ ይዘልቃሉ?»

ሰፊው በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው። ሊማሩ ከመጡት አብዛኞቹ በሳምንታቸው እንደጠፉ ትዝ አለው፤ እሱም «ሰነፍ ሁላ» እያለ ነበር የሸኛቸው።

«ይህ ልጅ ከመጀመሪያው ቢጀምር ገና ሳይደርስ ይደክመዋል፤ በየቀኑ የሚያውቀው አለመቻልን ብቻ ይሆናል» አለች መምህርቷ። «ከመጨረሻው ሲጀምር ግን በየቀኑ ይጨርሳል። ነገ ቁልፉን ራሱ ያስገባል፤ ከዚያ ሁለቱን፣ ከዚያ ሦስቱን ይቆልፋል። እንዲህ እያልን ወደ ላይ እንወጣለን። ለሌላ ልጅ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደሚሆን መለየት ነው አራቱን ዓመት የሚፈጀው።»

ሰፊው የመጨረሻ ጥያቄውን አወጣ። «ይህን እኮ እናት በፍቅር ታደርገዋለች። ፍቅርና ትዕግሥት ካለ ዲግሪ ምን ያደርጋል?»

የመለሰችለት እናትየዋ ነበረች። «ፍቅሩማ ነበረኝ አባቴ። ይኸው ለትምህርት ከደረሰ በኋላም እኔው ሳለብሰው ኖርኩ። ፍቅሬ ነው እኮ እጁን ያሰረበት! እሱን ሳለብስ እያረፈድኩ ከሥራዬ ተባረርኩ። እዚህ ከገባ ወዲህ ሱሪውንም ጫማውንም ራሱ ያደርጋል፤ እኔም እንጀራዬን ሳገኝ ውዬ እገባለሁ። ይህች ተለማማጅ ለመማር ስንት እንደከፈለች አላውቅም። እንደ እሷ የተማረ ሰው ባልነበረበት ጊዜ የከፈልኩትን ግን እኔ አውቀዋለሁ።»

 ልጁ ያን ጊዜ ዞሮ፣ የተቆለፈ ሸሚዙን በሁለት እጁ ወጥሮ ለሰፊው አሳየው። ሰፊው በዕድሜው የተከላቸው ቁልፎች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ማን መቆለፍ እንደሚያቅተው ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላፈረበትምም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች፣ «ደሞዙ ብዙ አይደለም። ከሌላው መምህር እምብዛም አይበልጥም። ሀብታም እንደማልሆን ከአሁኑ ይወቁት» አለችው።

«ሥራውስ ይገኛል?»

«የተማረ ሰው ጠፍቶ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ይፈልጋሉ።»

«እንግዲያው ስሚኝ» አለ ሰፊው። «ያ ትልቁ ቤት ጥሩ ነው፤ ትልቅ ስትሆኚ ለምርምር ትሄጂበታለሽ። ያቺም ቅዳሜና እሁዷ መምህር ለሆነ ሰው ጥሩ ናት። ላንቺ ግን ልጆቹ ያሉበት ይሻላል። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ከክፍል ሳትወጪ ትማሪያለሽ፣ ስትጨርሺም መምህር ነሽ። አንድ ልጅ ራሱን ሲችል እናቱ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ቤቱ ይቀናል፤ እሱም አድጎ ሸክም መሆኑ ይቀርና አጋዥ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሳስበው፣ ውድ የሆነብኝ ትምህርቱ ሳይሆን የተማረ ሰው አለመኖሩ ነው።»

ልጅቷ እጁን ስማ፣ «ሰውስ? የምን መምህር ሆነችልህ ቢሉዎትስ?» አለችው። ሳይነግራት የልቡን እንዳወቀችበት ያን ጊዜ ገባው።

«እሱን ለእኔ ተይው» አላት። «ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉ፣ ነገሩ ረጅም ነው እላቸዋለሁ።»