በአንድ ቃል የተኳረፍን ሁለት ሰዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ ወይዘሮ ሳሮልታ፣ ስለ ኬኩም ስለ ደግ ቃልዎም አመሰግናለሁ። በዚህ የመዝገበ ቃላት ክፍል ሠላሳ ስድስት ዓመት የቃላት ትርጉምና ዘመን የሚጻፍበትን ካርድ ስደረድር፣ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ሲያየኝ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ምነው ቀደም ብዬ ጡረታ በወጣሁ!

ከኢትዮጵያ መጥቼ እዚህ ቡዳፔስት ሥራ ስጀምር፣ መምህር ኦዶን ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቃላትን ምንጭ ያጠኑ ነበር።

«ኪራይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«በአገሬ ቋንቋ ለቤት አከራይ የሚከፈል ነው።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እዚህ ንጉሥ ማለት ነው። መነሻው የሰው ስም ነው፤ ካርል የሚባል የፍራንኮች ገዥ ነበር። ስላቮች ስሙን ለንጉሥ መጠሪያ አደረጉት፤ እኛም ከእነሱ ወሰድነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አብረን መብላት ጀመርን። እኔ ሚስት የለኝ፣ እሳቸው ሚስታቸው ሞታባቸዋለች። ሌላ ማን ነበረን?

አንድ ቀን ለዚሁ ቃል በጻፉት ላይ የአንድ ሰነድ ዘመን ተሳስተው አገኘኋቸው። ለብቻቸው መንገር ስችል፣ በስብሰባ መካከል ተነሥቼ ተናገርኩ። ትክክል ነበርኩ። አጨበጨባችሁልኝም። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። ጡረታ ሲወጡ እንኳን እኔ ካርድ ቤት ተደብቄ ነበር።

ባለፈው ክረምት መታመማቸውን ሰምቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ ሾርባ ታጎርሳቸዋለች። ሦስት ማንኪያ ሲውጡላት፣ የዚህ አገር ልጆች «ግሩም» ለማለት እንደሚሉት፣ «ኪራይ!» አለቻቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ሰማህ? የዚያን ሁሉ ገዥ ስም ለሾርባዬ አዋለችው። ካርድ ጻፍለት።»

ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ።

«ቀኑን እንዳትሳሳት» አሉ፤ ፈገግ እንደማለት ብለው።

ይቅርታ መጠየቁን ለነገ አቆየሁት። በማግስቱ ስሄድ ሌሊቱን አርፈው አልጋቸው ተነጥፎ አገኘሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ምሳዬን ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እበላለሁ። አትዘኑልኝ፤ ብቻ አንዳንዴ ደውሉልኝ።

ጤና ይስጣችሁ፣ ሥራችሁ ይቃናላችሁ። ተጣልታችሁ ከሆነ፣ ከዚህ ክፍል ሳትወጡ የምትታረቁበት አንደበት ይስጣችሁ።