የበረኛው ካፖርት

ነይ እህቴ፣ እዚህ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። ዛሬ ብርሃኑ ለመርፌም ለዓይንም መልካም ነው። ዊጎቹን አበጥረሽ ጨረስሽ? ጎሽ። ቴአትሩ እስኪጀመር ገና ነው፤ እኔም የቀረችኝ ይቺ ካፖርት ብቻ ናት። የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ መቼም... የበረኛችን፣ መድረክ ላይ በረኛ የሚሆነው ሰውዬ። እሱማ ያው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጫማውን እያሰረ ነው። ቢሰማንም ግድ የለም። የነገሩትን ቶሎ የሚያቀብል ሰው አይደለም... ጨዋ ነው።

ትናንት ተመልካቹን አየሽው? ያ ሁሉ ሰው እንባውን ሲጠርግ? እመቤቲቱ ልጇ የሞተ መስሏት መርዙን ታነሳለች፣ ልጅየው ደግሞ በሕይወት መጥቶ በሩን ይደበድባል። ሰው ሁሉ የሚረግመው የሐሰት መርዶ ያመጣውን ነጋዴ ነው። በረኛውንስ ማን አነሳው? ለነገሩ ምን አደረገ? ካፖርቱን ሳይቆልፍ በር አይከፍትም፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነዋ። ከላይ ይጀምርና ወደ ታች፣ ቀስ እያለ... የመጨረሻዋን ቁልፍ ሲቆልፍ እመቤቲቱም ጽዋዋን ትጨርሳለች።

ድሮ እኮ የዚህ ካፖርት ቁልፎች ጥቂት ነበሩ። እሱ ነው በዚያ ለስላሳ አንደበቱ «እናቴ፣ እስቲ ጨመር አድርጊልኝ» ያለኝ። መድረኩ ላይ ትንሽ ቆየት ለማለት እንጂ ለክፋት አይደለም። ጨመርኩለት። ተመልሶ መጣ፣ ደግሜ ጨመርኩለት። እመቤቲቱ እንደሆነች ድሮም ሟች ናት፤ አሁን ግን ተረጋግታ ነው የምትሞተው።

ሌላው ተዋናይ ድርሻውን እዚሁ ከልብሱ ጋር አውልቆ ይሄዳል። እሱ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነው... ቤቱ ድረስ ይዞት ይገባል። ታናሽ እህቴን ታስታውሻታለሽ አይደል? ለእመቤቲቱ ድርሻ ልትፈተን ክረምቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስትለማመድ የከረመችውን? አዘጋጁ «ፈተናው ከሰዓት መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ሆኗል፣ ንገርልኝ» ብሎ የላከው ማንን ነበር? ከላያችን ፎቅ የሚኖረውን፣ የታመነውን ጎረቤታችንን። ደረጃውን መውረድ ብቻ ነው የቀረው። አልቀረም፣ ወረደ... ከሰዓት። ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ። ሰው ቤት እንዲያው ዝም ብሎ ይገባል እንዴ? ታናሼ ቀሚሷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ነው የነገራት።

ድርሻው ለማን እንደደረሰ አትጠይቂኝ። የወንድሙ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ማን ይክዳታል? ለእሷ ጠዋት መሆኑን ማን እንደነገራት ግን እንጃ... በሕልሟ ታይቷት ይሆናል።

ታናሼ ይኸው ጨርቅ ቤት ቆማ ሜትር ትዘረጋለች። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ እንኳ አታልፍም። አንጀቴ ያራል፣ አልዋሽሽም። ግን ምን ይደረጋል፣ ስሰፋና ስጫወት ይወጣልኛል።

በይ አለቀ። አንዲት ቁልፍ ከራሴ ጨምሬለታለሁ፣ ስጦታ ናት። አንቺው አድርሺለት፣ እግርሽ ቀልጣፋ ነው። ልብስ ሰፊዋ እናታችን መርቃሃለች በይልኝ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ልጆቹን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። አንድ ቀን ደግሞ ጨንቋቸው የሰው በር ሲያንኳኩ... ከውስጥ ልክ እንደ አባታቸው ያለ ሰው ይቁምላቸው።