የካፒቴኑ እጅ በመሪው ላይ

አብራሪ ያልሆንኩት ፈርቼ እንዳልሆነ እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የአጎቴን ዜና ሕይወት ጽፈሽ አንብቢ ስባልም ዓይኔን ሰብሬ እሺ አልኩ፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።

ካፒቴን አጎቴ ከእናታቸው ከአዋላጇ ነርስና ከአባታቸው ከባቡር መካኒኩ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው፣ በሃያ አራት ዓመታቸው የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን የበቁ ሲሆን፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ አባቴ፣ በሞተ ጊዜ እኔን የሰባት ዓመት ልጅ ከባለቤታቸው ጋር ተቀብለው አሳድገዋል። ይህን ውለታ አልክድም፤ እሳቸውም ሳያስታውሱኝ የዋሉበት ቀን የለም።

በኋላም በበረራ ትምህርት ቤት ፈታኝ ሆነው ሃያ ዓመት ሲያገለግሉ፣ ብዙ ሰው ስለጣሉ እኛ ተማሪዎቹ «መቀስ» የሚል ስም አወጣንላቸው። በፈተና ጠዋት «መቀስ ቁርሱን በልቷል እንዴ?» እየተባባልን እንጠያየቅ ነበር።

እኔም ሁለት መቶ ሰዓት በርሬ ለፈቃድ ፈተና ስቀርብ፣ የተመደቡልኝ ፈታኝ ስለታመሙ እሳቸው ተተኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ ፈታኙ መሪውን ከነካ ተፈታኙ ወድቋል። ልናርፍ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩን፣ ከአጥሩ ውጭ የሚያልፍ የውሃ ቦቴ ማኮብኮቢያው ላይ የገባ መሰላቸውና መሪውን ከእጄ ነጠቁ። አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ነጥሮ አረፈ።

«መሪውን የለቀቅሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ፣ ሞተሩን እንዳጠፋሁ።

«ጋሼ፣ መኪናው እኮ ከአጥር ውጭ ነበር።»

«ማን ያምንሻል? እሳቸው ተሳሳቱ ብትይ ፈታኝነቴን ይነጥቁኛል። የበላሽበትን ወጪት ልትሰብሪ ነው?»

በቅጹ ላይ «ተፈታኟ በድንጋጤ መሪውን ለቀቀች» ብለው ጻፉ።

ቤተሰቡም አመነ። ባለቤታቸው ለእንግዳ ሁሉ «የእኛ ልጅ ከፍታ አትወድም» እያሉ ደረጃ ስወጣ እጄን ይይዙኝ ነበር፤ አጎቴም አብረው ይስቁ ነበር። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያው ትምህርት ቤት የአየር ጠባይ ትምህርት እያስተማርኩ ሌሎችን ወደ ሰማይ ሸኘሁ።

አጎቴ ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በሰባ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አንዲት ቃል ጠበቅሁ፤ ትራሱን አስተካክይልኝ አሉኝ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለቱን አብራሪ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸውን ከእኔ ይበልጥ የሚራራ አምላክ ይቀበላት።

ከፈተናው ማግስት ያደረግሁትን ሳልናገር ግን አልቀመጥም፤ እሱ የራሴ ጥፋት ነውና። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮአቸው ገብቼ «ሥልጠናውን ያቋረጥኩት ፍርሃት ስላለብኝ ነው» የሚል ማመልከቻ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «ፍርሃት» ከሚለው በፊት በቀይ እስክሪብቶ «ከፍተኛ» የሚል ጨመሩበት። እኔም ንጹሕ ወረቀት ለምኛቸው፣ እዚያው ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ እንዳረሙት ገለበጥኩት።