ስለ ሰማያዊዋ ቮልስ የግራ በር

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሠርካዲስ አበጋዝ
ዕድሜ፦ 51
የትምህርት ደረጃ፦ 12ኛ ክፍል
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ኮንስታብል እንዳለች ተሰማ

እኔ ከላይ ስሜ የተገለጸው ምስክር፣ በሩ የእኛ እንጂ የተሰረቀ አለመሆኑን፣ ኸይረዲንም ሌባ አለመሆኑን ለማስረዳት ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም ደስ እያለኝ የመጣሁ ነኝ።

ኸይረዲን ሰፈራችን ውስጥ ጋራዥ ያለው የላሜራ ሠራተኛ ነው። የባለቤቴ የአቶ ወልደአማኑኤል አሮጌ ቮልስ የሁለቱም በሮቿ ታችኛው ክፍል በዝገት ስለተበላ፣ የዛገውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ እንዲበይድበት ሰጥተነዋል። ዛሬ ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ከገበያ ስመለስ ሥራው የት ደረሰ ብዬ ጎራ አልኩ። በሮቹ ወልቀው ግድግዳ ተደግፈዋል። ቮልሷ ያለ በር ቆማ ሳያት ሳቄ መጣ። ኸይረዲንም "እትዬ፣ አይሳቁባት፣ ብርድ ይዟታል" አለኝ።

እየተሳሳቅን ሳለ፣ በኋላ ስሙ በሱፍቃድ መሆኑን ያወቅኩት ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገባ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካቆማት ከራሱ ቮልስ ላይ በዚሁ ሳምንት በሮቿ ተፈተው ተሰርቀውበታል። የእሱም ሰማያዊ ነች አሉ። ከመያዣው ሥር ጎድጎድ ያለውን የግራ በር ሲያይ "የእኔ በር ይኸውላችሁ፣ የእኔም እዚሁ ጋ ጎድጉዷል!" ብሎ የኸይረዲንን ኮሌታ እስኪቀደድ ጨምድዶ ያዘ። ኸይረዲን "የእትዬ ነው" ቢለው፣ "ዝም በል! የእሳቸውን ጥለህ የእኔን ልትገጥምላቸው ነው" አለ። እኔ "ልጄ በብስክሌት ገጭታው ነው የጎደጎደው" ብል ማን ይስማኝ። ሌባ ሲባል የሰማ የመንገድ ሰው ሁሉ ደጁን ሞላው። ድንጋይ ያነሳ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። የኸይረዲን ፊት አመድ መሰለ።

ፓትሮል ላይ የነበረ ፖሊስ ደርሶ ሰዉን ወደኋላ መለሰና "በሩ የእርስዎ ለመሆኑ ምን ምልክት አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ በአንድ ክረምት የበሩን ቀዳዳ በላሜራ በማስበየድ ፈንታ፣ የልጃችንን የቤዛን አሮጌ የዩኒፎርም ሹራብ እጅጌ ወትፎበት፣ ከላዩ ስቱኮ መርጎ ቀለም ቀብቶታል። በጊዜው "አንተ ሰው፣ መኪናዋን ሹራብ አለበስካት?" ብዬ ተጣልቼዋለሁ።

ስለዚህ "በሩ ይከፈት። ከስቱኮው ጀርባ አረንጓዴ እጅጌ አለ፣ ክርኑን በቡኒ እራፊ የጣፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። በሱፍቃድ "በር ውስጥ ሹራብ! ሴትዮዋ ደህና አይደሉም" ብሎ አሳቀብኝ። ፖሊሱ ኸይረዲን በሩን እንዳይነካ ከልክሎ ጎረቤት ያለ በያጅ አስጠራ። ስቱኮው ሲፈለፈል የወጣው የዝገት ዱቄት ብቻ ነበር። ሕዝቡ አጉረመረመ። በሆዴ "ልደታ ማርያም፣ አታሳፍሪኝ" እያልኩ፣ በያጁን "ወደ ማጠፊያው ጠጋ በልልኝ" አልኩት። ላሜራው ሲገለበጥ እጅጌው ሻግቶ፣ ግን ከነቡኒ እራፊው ወጣ። እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ይህም ይጻፍልኝ።

ፖሊሱ "መንገድ ላይ ፍርድ የለም" ብሎ ሁላችንንም ከበሩ ጋር ወደ ጣቢያ አመጣን። እዚህ አግዳሚው ላይ ሆነን በሱፍቃድ "ወንድሜ፣ ንዴት ነው፣ ይቅር በለኝ። በሮቼ ከተገኙ አንተው ትገጥምልኛለህ" አለው። ኸይረዲንም "መጀመሪያ ኮሌታዬን አሰፋልኝ" ብሎ መለሰለት።

ቃሌ ተጽፎ ሲያልቅ ኸይረዲን እንደሚለቀቅ ስለተነገረኝ ወሬዬን አሳጥራለሁ። ይህ ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። እጅጌው በኤግዚቢትነት ተይዟል። አዲሱ ላሜራ ሲበየድ ውስጡ ምንም እንዳይወትፍ ለባለቤቴ በፖሊስ በኩል ይነገርልኝ።

የተናገርኩት ሁሉ ተነቦልኝ ራሴው ያልኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያየሁትን አልደበቅኩም፣ ያላየሁትን አልጨመርኩም፤ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሠርካዲስ አበጋዝ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኮንስታብል እንዳለች ተሰማ