የዘውዴ ቃልና የላቀች ቤት

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ መኪናዬ ሳመራ፣ ወዳጄ ዘውዴ ከእህቱ ልጅ ከሔርሞን ጋር ፓርኪንጉ ላይ ሲከራከር አገኘሁት። በሰው ነገር መግባት አልወድም፤ ግን እንዲያ ሲጮኹ አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቱ ላቀች፣ የሔርሞን እናት፣ በዲቪ ወደ ኦሃዮ እንደመጣች ባንክ አምኖ የሚያበድርበት ክሬዲት ስላልነበራት፣ ፎረስት ፓርክ ያለውን ቤት ዘውዴ በራሱ ስም ገዛላት። ግሮቭ ሲቲ ባለ የዕቃ ዌርሃውስ እየሠራች የባንክ ብድሩን፣ ሞርጌጁን፣ ከፍላ የጨረሰችው ግን እሷ ናት። ዘውዴም በሽማግሌዎች ፊት «ቤቱ የእሷ ነው» ብሏል። በመዝገብ ግን ዛሬም የእሱ ነው። እሱ ደግሞ ሐሙስ የልብ ኦፕሬሽን አለበት።

ሔርሞን የቤት ሽያጭ ወረቀት የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። «ጋሼ፣ ኩዊትክሌም ዲድ የሚባል የመልቀቂያ ሰነድ አለ» አለችው። «በቤቱ ላይ ያለኝን መብት ለላቀች ለቅቄአለሁ ብለው ፊርማ የሚያረጋግጥ ኖታሪ ፊት ይፈርማሉ፤ ከዚያ የካውንቲው መሥሪያ ቤት ይመዘግበዋል። ነገ እንሂድ።»

«በጌታ ስም! ቢላዋ ሥር ልተኛ ስል ንብረት አከፋፍል? ሳልሞት ልትቀብሪኝ ነው? ሟርት ነው ይሄ! ጌታ ይፈውሰኛል።»

«አሜን፣ ይፈውስዎታል። ድነው ሲወጡ ቤቱ የማን ነው?»

«የእናትሽ ነዋ!»

«ታዲያ ዳኑም አልዳኑም የእናቴ ከሆነ፣ ሟርቱ ምኑ ላይ ነው?»

ጎበዝ! ላጨበጭብላት ምንም አልቀረኝ። ዘውዴ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። «እሺ፣ ልፈርምና ፓስተሩ ዘንድ ይቀመጥ። አንድ ነገር ብሆን ያወጡታል።»

«ጋሼ፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ዲድ ለክርክር በር ይከፍታል። በቁምዎ ሰጥተዋት በስሟ መመዝገብ አለበት። አለዚያ የእርስዎ ውርስ ነው ተብሎ ኮርት ይገባል። እናቴ ከሲራክ ጋር ልትካሰስ ነው?»

ሲራክ የዘውዴ አንድ ልጁ ነው። «ልጄ የአክስቱን ቤት አይነካም! በወንድምና በእህት መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል? ቃሌ አይበቃም?»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ዘውዴ፣ የአባትህ የቢሾፍቱ ቦታስ? ለአክስትህ በቃል ሰጥተው አልነበር? እሳቸውም ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ግን ሲሞቱ ማን ቆሞ ተናገረላቸው? አንተና ወንድሞችህ ከአክስታችሁ ጋር ተካሰሳችሁ።»

ዘውዴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የአክስቴ ቀብር ላይ እንኳ አልቆምኩም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሔርሞን ዞረ። «ነገ ስንት ሰዓት ይከፍታሉ?»

«ጠዋት ነው። ባለቤትዎ እትዬ ፋናዬም ይምጡ። ኦሃዮ ውስጥ ሚስት በባሏ ቤት መብት ስላላት፣ እሳቸው ካልፈረሙ ነገሩ ጎዶሎ ነው።»

«እሷማ ፈርም ፈርም እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የኖረችው!»

ሰኞ ባልና ሚስት ኖታሪ ፊት ፈረሙ። ካውንቲው የቤቱን ወሰን አይቶ፣ ባለቤትነቱን አዛውሮ፣ ዲዱን መዘገበው። ከእንግዲህ የግብሩ ደብዳቤ በላቀች ስም ይመጣል፤ ልሽጥ ብትል፣ ላውርስ ብትል የማንንም ፊት አታይም። ሲራክም ከአክስቱ የሚጣላበት ምክንያት የለውም። አንባቢ ሆይ፣ የሰው ቤት በስምህ ካለ ታመህ እስክትተኛ አትጠብቅ። ቃልህን የምታከብር ከሆነ አስመዝግበው።

ዘውዴ ከኦፕሬሽኑ በሰላም ወጣ። መራመድ ሲጀምር ወደ ላቀች ቤት ወሰድኩት። ቤቱ ከተገዛ ጀምሮ በገዛ ቁልፉ እየከፈተ ነበር የሚገባው። ያን ቀን ግን ቁልፉን በእጁ ይዞ ደወሉን ደወለ።

«ቁልፍ አለህ አይደል? ግባ እንጂ!» አለች ላቀች ከውስጥ።

«አይሆንም» አለ ዘውዴ፤ «ባለቤቷ መጥታ ትክፈትልኝ።»